«እትዬ ነገ»

ይህን ስንጽፍ ከሕክምና ፋኩልቲ ወንድሞቻችን መካከል «እናንተ የአርትስ ተማሪዎች ስለ በሽታ ምን አገባችሁ?» የሚለን እንደማይጠፋ እናውቃለን። ይበል። ነገሩ ያገኘን በትምህርት ክፍል ሳይሆን በሰው ቤት ሽሮ ስንበላ ነው።

ከመኝታ ክፍላችን ጓደኞች የአንዱ ታላቅ እኅት ነርስ ናት፤ ሁላችንም እትዬ እንላታለን። እሑድ እሑድ ወደ ቤቷ እየሄድን ከካፌው ምግብ አንድ ቀን እናርፍ ነበር። ታዲያ እትዬ ቡናውን ቆልታ ሳትወቅጠው ጋደም ትላለች፤ ድስት ጥዳ ትረሳለች፤ ስማችንን ታቀያይራለች። ማናቸውንም ነገር «ነገ» ስለምትል «እትዬ ነገ» የሚል ስም አወጣንላት። (ለዚህ ለዚህ ተማሪን የሚያህል የለም።) አንድ ቀን ከጓዳ ሆና ሰማችን። ምንም አልተናገረችም፤ በዚያ ቀን ግን ቡናውን እስከ ሦስተኛው አፈላችልን። ከዚያም ሦስት ቀን ሙሉ ከአልጋዋ አልተነሣችም።

ወንድሟ የነገረን ያን ጊዜ ነው። በ2013 ዓ.ም. ከሥራዋ ላይ ኮቪድ ይዟት ነበር፤ ትኩሳቱ በሁለት ሳምንት ሲለቃት ድካሙ እስከ ዛሬ አልለቀቃትም። አለቃዋም «ብታገቢና ብትወልጂ ይተውሽ ነበር» አሏት።

ከዚህ በኋላ ቤተ መጻሕፍት ገብተን መፈለግ ጀመርን። ለካ ነገሩ አዲስ አይደለም። እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1955 በሎንዶን በሮያል ፍሪ ሆስፒታል ድንገተኛ በሽታ ገብቶ 292 ሠራተኞች ታመሙ፤ ሆስፒታሉም ከሁለት ወር በላይ ተዘጋ። የሚደንቀው፣ አልጋው ሁሉ ሞልቶ ሳለ ተኝተው ከሚታከሙት የተያዙት 12 ብቻ መሆናቸው ነው። ቫይረስ እንደ ሆነ ቢጠረጠርም ቫይረሱ ከቶ አልተገኘም። ከነርሶቹም ለብዙ ዓመታት ጤናቸው ያልተመለሰ ነበሩ። በ1970 ሁለት የአእምሮ ሐኪሞች የሕመምተኞቹን መዝገብ አገላብጠው፣ ከእነርሱ አንዷን እንኳ ሳይመረምሩ፣ ነገሩ ሂስቴሪያ ነው ብለው ጻፉ፤ ከምክንያታቸውም አንዱ የታመሙት በብዛት ሴቶች መሆናቸው ነበር። በዚያው ሆስፒታል ሐኪም የነበረው ሜልቪን ራምሴ ግን ሕመሙ እውነተኛ ነው ብሎ ሲሟገት ኖረ።

የዓለም ጤና ድርጅት ከኮቪድ በኋላ ለሚቀረው ሕመም በ2021 ትርጓሜ አውጥቶለታል፤ ድካም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የሐሳብ መደናገር፣ ቢያንስ ሁለት ወር የሚቆይ፣ ሌላ በሽታ ምክንያቱ ያልሆነ። እኛ ስንፍና ያልነው አንድ በአንድ ተዘርዝሮ አገኘነው።

ሁለቱን ሐኪሞች ለመንቀፍ ብዕር አንሥተን ነበር። ሆኖም እነርሱ መዝገቡን አንብበዋል፤ እኛ እርሱንም አላነበብንም።

ባለፈው እሑድ ይቅርታ ልንጠይቃት ተማክረን ሄድን። ስንደርስ ተኝታ አገኘናት። ሽሮውን ራሳችን ሠራን፤ ጨው በዝቶበት ነበር። የእርሷን ድርሻ ከድነን፣ ድስቱን አጥበን፣ በሩን ቀስ ብለን ዘግተን ተመለስን።