ፒክና ጣት

ቤዝ ጊታርን በጣቱ የሚጫወት ሰው ፒክ የያዘውን የሚያይበት ዓይን ጥቂት ንቀት አለበት። እኔም በዚያው ዓይን አይ ነበር። ገዳሪፍ ውስጥ የሰሊጥ ጆንያ ስንጭን ግን የመኪናው ስፖንዳ የቀኝ እጄን ጠቋሚ ጣት ጨፈለቀው። ቁስሉ ዳነ፤ ጫፉ ደንዝዞ ቀረ። ክሩን ሲነካ ምን ያህል እንደ ነካው አይነግረኝም። ጊታሩን ጠቅልዬ ከአልጋ ሥር አኖርሁት፤ ሁለት ዓመት እዚያው ከረመ።

ያስወጣኝ ጠምቡር የሚመታ ሱዳናዊ ጎረቤቴ ነው። ጠምቡር ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ የክራር ወንድም ነው። ቀኝ እጅ በመምቻ ክሮቹን በአንድነት ይገርፋል፤ ግራ እጅ ከበስተኋላ ሆኖ መሰማት የሌለባቸውን ያፍናል። የእኛም ክራር እንዲሁ ይገረፋል፣ አለዚያም በጣት ይደረደራል፤ በዚህ የተነሣ የተናቀ ክራር መቺ ግን አላውቅም። ዑድ ተጫዋቾችማ መምቻቸውን «ሪሻ» ይሉታል፤ ላባ ማለት ነው፤ ቀድሞ ከንስር ላባ ይሠራ ነበርና። ጎረቤቴ ከቀንድ የተቀረጸች መምቻውን መዳፌ ላይ አኖረና፣ «ያ ዞል፣ የምታዝነው ለጣትህ ነው ወይስ ለዜማው?» ሲል ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም።

ኋላ ሳነብ እንደ ተረዳሁት፣ ፌንደር ፕሪሲሽን የተባለው ቤዝ ለገበያ የቀረበው በ1951 እ.ኤ.አ. ነው። በእርሱ ስመ ጥር የሆኑት ሰዎች የእጃቸውን ልማድ ያመጡት ከቀድሞ መሣሪያቸው ነበር። የሞታውኑ ጄምስ ጀመርሰን ከኮንትራባስ መጥቶ በአንዲት ጠቋሚ ጣት ብቻ ይጫወት ነበር። የሎስ አንጀለሷ ካሮል ኬይ ጊታሪስት ነበረችና ፒኳን ይዛ መጣች።

በእኛ ሰርግ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ጄኔሬተሩ ያጓራል፤ ድምፅ ማጉያዎቹም ትንንሾች ናቸው። የቤዝ ወፍራሙ ክር በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ ያንን ዝቅታ ትንሽ ማጉያ በደንብ አያወጣውም። የጣት ሥጋ የሚያወጣው ድምፅ ክብና ለስላሳ ስለሆነ በጫጫታው ይዋጣል። ፒክ ግን የድምፁን መነሻ ጥርት አድርጎ ያሰማል፤ ጨፋሪውም እግሩን የት እንደሚያሳርፍ ያውቃል። ለዝግተኛ ትዝታ ግን፣ እውነቱን ልናገርና፣ ጣት ይሻላል። መዳፌን ድልድዩ ላይ አሳርፌ ክሩን እያፈንሁ በፒክ ለመምሰል እሞክራለሁ፤ ይቀርበዋል እንጂ አይደርስበትም።

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ሲነሣ ተፈናቅለው ገዳሪፍ ከገቡት መካከል አንድ ቤዝ ተጫዋች ነበረ። መሣሪያው እዚያው ቀርቶበታል። የእኔን ሰጠሁት፤ በጣቱ ጀመረ፤ እኔም ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርሁ። ከዚያ ወዲህ ሰርግ በተገኘ ጊዜ ለስላሳዎቹን እርሱ በጣቱ፣ ፈጣኖቹን እኔ በፒክ እንጫወታለን፤ ጊታሩ ያው አንድ ነው። ባለፈው ሰሞን ቀጭኑ ክር ተበጠሰ። እርሱ ፒክህ ነው የበላው ይላል፤ እኔ ደግሞ ክሩ የተበጠሰው በእርሱ ተራ እንደ ነበር አስታውሰዋለሁ።