ልጆቹ ቤት የዋሉበት ዓመት፦ አዲስ አበባና ሜሪላንድ

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ተገኘ። ከሦስት ቀን በኋላ፣ መጋቢት 7፣ ትምህርት ቤቶች ለ15 ቀን እንዲዘጉ ተወሰነ። ይኸው ቀን በፈረንጆቹ ማርች 16 ቀን 2020 ነው፤ የአሜሪካዋ ሜሪላንድ ግዛት ትምህርት ቤቶችም ለሁለት ሳምንት ብለው በራቸውን የዘጉት በዚያው ሰኞ ነው። በሁለቱም አገር ያ ሁለት ሳምንት ወደ ወራት ተለጠጠ። አንዷ ከአዲስ አበባ፣ ሌላዋ ከሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ ሆነው በስልክ የሚገናኙ እህትማማቾች በዚያ ሰሞን «ልጆቹ ቤት ዋሉ» ሲባባሉ ቃሉ አንድ ሆኖ ነገሩ ለየቅል ነበር።

ልዩነቱ የሚጀምረው ከደጃፍ ነው። ኢትዮጵያ ሰውን ቤቱ የሚዘጋ ሙሉ የእንቅስቃሴ እገዳ አልጣለችም። መጋቢት 30 ቀን የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብን ከለከለ እንጂ ከቤት አትውጡ አላለም፤ የዕለት ጉርሱን በዕለቱ የሚያገኝ ሕዝብ ቤት ዋል ቢባልም አይችለውም። ሜሪላንድ ግን ማርች 30 ቀን ሰው ከቤት እንዳይወጣ አዘዘች፤ በብዙ ሰፈር ዥዋዥዌውና መንሸራተቻው በቢጫ ፕላስቲክ ታሰረ። ስለዚህ አገር ቤት ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ሰፈሩ ክፍት ነበር። አሜሪካ ሰፈሩ ተዘግቶ ትምህርት ቤቱ በስክሪን ሳሎን ገባ። የወላጁ ድካምም በዚሁ መንገድ ተለያየ። የአዲስ አበባዋ እናት ከኮንዶሚኒየሙ ግቢ ኳስ የሚያባርረውን ልጅ ጎትታ ደብተር ፊት ለማስቀመጥ ስትታገል፣ የሜሪላንዷ ከጧት ጀምሮ ወንበር ላይ የተተከለውን ልጅ እንዴት እንደምታፍታታው ትጨነቅ ነበር።

በኢትዮጵያ ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪ ነው ከትምህርት ገበታ የራቀው። መንግሥት ለአንደኛ ደረጃ ሬዲዮን፣ ለሁለተኛ ደረጃ ቴሌቪዥንን መረጠ። ይህ ከባዶ የተነሣ ሐሳብ አይደለም፤ በሬዲዮ ማስተማር የቆየ ልማድ ነው፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ የተጀመረውን የቴሌቪዥን ትምህርት፣ «ፕላዝማ»ን፣ ደግሞ የዛሬዎቹ ወጣት ወላጆች ራሳቸው ተምረውበታል። ፕላዝማን የሚያውቅ ሰው ጉድለቱንም አብሮ ያውቃል፦ ስክሪኑ ላይ ያለው መምህር አይጠብቅም፣ አይደግምም፣ «ገባችሁ?» ብሎ መልሱን ሳይሰማ ያልፋል። ያኔ ቢያንስ የክፍሉ መምህር ከስክሪኑ ጎን ቆሞ ያመለጠውን ያብራራ ነበር። በ2012 ግን ከሬዲዮው ጎን የቆመ ሰው አልነበረም፤ ሬዲዮው ራሱ ያልነበረበት ቤትም ብዙ ነው።

በከተማ የግል ትምህርት ቤቶች መንገዱ ቴሌግራም ሆነ። መምህሩ የመጽሐፉን ገጽ ወይም በእጁ የጻፈውን ኖት በስልኩ ያነሣና ግሩፑ ላይ ይለቃል። እናት ማታ ስልኳን ስትከፍት ሠላሳና አርባ ፎቶ ተደርድሮ ይጠብቃታል፤ አንዱ ተንጋዷል፣ አንዱ የመምህሩ የእጅ ጥላ አርፎበታል፣ የሳይንሱ ገጽ 4 ከገጽ 6 በኋላ መጥቷል። ልጁ ያንን ከስልኩ እያየ ደብተሩ ላይ ይገለብጣል፣ የሠራው ተመልሶ ፎቶ ይነሣል፣ ይላካል። ማታ የሚሆነው ያለምክንያት አይደለም፤ ስልኩ አንድ ነው፣ ቀን ከአባትየው ጋር ሥራ ይውላል። ሁለት ልጅ ባለበት ቤት ታላቁ እስኪጨርስ ታናሹ ያንቀላፋል። የዳታ ጥቅሉ ካለቀ ደግሞ ትምህርቱም እስከ ነገ አለቀ። በዚህ ላይ የክፍያው ጭቅጭቅ ነበር፤ ትምህርት ቤቶቹ ከወርሃዊው ክፍያ ከ50 እስከ 75 በመቶ እንዲያስከፍሉ ሲወሰን «ለቴሌግራም ነው እንዴ የምንከፍለው?» የማይል ወላጅ ጥቂት ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው፣ የመምህሩ ደመወዝ ከየት ይምጣ የሚለውም እንደዚያው። ሰኔ 23 ቀን በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተቋርጦ ሦስት ሳምንት ገደማ ሲቆይ ግሩፑም ዝም አለ።

በተግባር ብዙውን ያስተማረው ታላቅ ወንድም ወይም ታላቅ እህት ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ወደየቤታቸው ተልከው ስለነበር በየቤቱ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ የሁለተኛ ዓመት ምሕንድስና ወይም የሕግ ተማሪ ነበር። አቅሙ ያለው ወላጅ በወትሮውም የሚቀጥረው አስጠኚ እንዲህ ያለውን ወጣት ነው፤ አሁን ያለክፍያ ቤቱ መጣለት። ትልቁ ትንሹን ማስቆጠር በቄስ ትምህርት ቤት የኖረ ሥርዓት ነው፤ የኔታ አንድን ልጅ ዳዊት ሲያስደግሙ ፊደል የሚቆጥሩትን የሚይዘው ቀድሞ የገፋው ተማሪ ነው። በትምህርት ሚኒስቴር ዕቅድ ላይ ይህ ጉልበት ብዙም ቦታ አልነበረውም፤ ሊኖረው ግን በተገባ ነበር።

ከከተማ ሲወጣ «ቤት ማስተማር» የሚለው ቃል ራሱ ቦታ ያጣል። በብዙ ቤት ወላጆቹ ያልተማሩ ናቸው፣ መብራት የለም፣ ልጁም ቤት ሲውል ከብት ይጠብቃል፣ ክረምት ሲገባ እርሻ ላይ ይውላል። ለልጃገረዶች አደጋው የከፋ ነበር። በአማራ ክልል የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ሠራተኞች በእነዚያ ወራት በመቶዎች የሚቆጠሩ ያለዕድሜ ጋብቻዎችን እንዳስቆሙ ተናግረዋል። ትምህርት ቤት ለእንዲህ ዓይነቷ ልጅ መማሪያ ብቻ አልነበረም፤ «ልጄ ትምህርት ላይ ነች» የሚለው መልስ ሽማግሌ የሚመልስ በር ነበር፣ በሩ ሲዘጋ መልሱም አብሮ ጠፋ።

በመጨረሻ ከ8ኛና ከ12ኛ ክፍል በቀር ሁሉም ያለፈተና ወደሚቀጥለው ክፍል ተዛወረ። ሁለቱ ተፈታኝ ክፍሎች የ45 ቀን ማካካሻ ተመደበላቸው። ከጥቅምት 2013 ጀምሮ በየደረጃው ሲከፈት አንድ ክፍል ከ20 እስከ 25 ተማሪ ብቻ እንዲይዝ ስለተባለ ልጆች በፈረቃ፣ ቀን እየዘለሉ ገቡ። በትግራይ ግን በዚያው ወር ጦርነት ተጀመረ፤ እዚያ የተዘጋው ክፍል በብዛት የተከፈተው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው።

ወደ ሜሪላንድ ስንመለስ፣ ያኔ ከ160,000 በላይ ተማሪ የነበረው የሞንትጎመሪ ካውንቲ ለየልጁ ክሮምቡክ ማደል ጀመረ፤ ኢንተርኔት ለሌለው ሆትስፖት ጨመረ። ከአገር ቤት ለሚሰማ ሰው ይህ ቅንጦት ነው፣ በእርግጥም ነው። ግን ኮምፒውተሩ ሰዓቱንና ደወሉንም ይዞ ነው የመጣው። አቴንዳንስ ይያዛል፣ ያልገባ ልጅ ወላጅ ይደወልለታል። ቀድሞ ልጁን አውቶቡስ ላይ አሳፍሮ የሚገላገል ወላጅ አሁን ቤቱ ውስጥ የቴክኒክ ሠራተኛም ዘበኛም ሆነ።

የሐበሻው ሥራ ደግሞ ከቤት የሚሠራ አልነበረም። በዋሽንግተን ዙሪያ ብዙው በነርሲንግ ሆም፣ በሆስፒታል፣ በፓርኪንግ፣ በአየር ማረፊያ፣ በታክሲና በኡበር የሚሠራ ነው። የታክሲው ሥራ ሲሞት አባት ቤት ዋለ፣ የነርሲንግ ሆሙ ሲጨምር እናት ደብል ሺፍት ገባች። የሁለት መኝታ አፓርታማውን ጧት ማየት ነው። እናት ከሌሊት ሺፍት ተመልሳ የሥራ ልብሷን በር ላይ አውልቃ ስትገባ የመዋዕለ ሕፃናቱ ልጅ ምግብ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ የይለፍ ቃሉ ማቀዝቀዣው ላይ በወረቀት ተለጥፏል። የአራተኛ ክፍሏ አልጋ ላይ በሄድፎን፣ የአሥረኛ ክፍሉ መኝታ ቤት በሩን ዘግቶ። አባት ነቅታ እንድትቆይ ቡና ሲቆላላት የጭስ ጠቋሚው ይጮኻል፤ ሃያ ሕፃናት በአንድ ጊዜ ቀና ይላሉ፣ መምህሯ «ደህና ናችሁ?» ትላለች፣ ትንሹ እየተሯሯጠ ድምፁን ይዘጋል። መምህሯ ተማሪዋ የሚኖርበትን ቤት ያየችው ያን ጊዜ ነው፤ ወላጆቹም ልጃቸው ክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ እጁን እንደሚያወጣ ያወቁት ያኔ ነው።

ቋንቋው ሌላ ራስ ምታት ነበር። ካውንቲው ለወላጅ የሚጽፈውን በአማርኛም ያወጣል፤ በዋሽንግተን ዲሲም አማርኛ በቋንቋ ተደራሽነት ሕጉ ከተካተቱት አንዱ ነው። ይሁን እንጂ የየዕለቱ የመምህር ኢሜይል በእንግሊዝኛ ነው፣ የሚተረጉመውም ልጁ። መምህር በቀጥታ የማያስተምርበትን፣ ተማሪው ብቻውን የሚሠራበትን ሰዓት «አሲንክሮነስ» ይሉታል፤ ይህንን ቃል ለወላጁ «ዛሬ ትምህርት የለም» ብሎ የተረጎመ ልጅ አንድና ሁለት አይደለም። ፈረንጁ ወላጅ ልጁን የሚቆጣጠረው በልጁ በራሱ አስተርጓሚነት አይደለም፤ የሐበሻው ግን እንደዚያ ነበር። ነገሩን በግልጽ ማየት ይገባል፦ ቤቱ ውስጥ የሥልጣን ቦታ ተቀያይሯል፣ ልጁም ይህን ከማንም በፊት ተረድቶታል።

ከሁሉ የከበደው የጎረምሳው ነው። ትንሹ ልጅ ይቅበጠበጣል፣ ያለቅሳል፣ ይታያል። ጎረምሳው ካሜራውን አጥፍቶ፣ ስሙ ብቻ በጥቁር አራት ማዕዘን ተጽፎ ክፍል ውስጥ «አለ»። ተኝቶ ይሁን ጌም ላይ፣ በሩ ዝግ ስለሆነ አይታወቅም። በአንድ ክፍል አራትና አምስት ሆኖ ላደገ ወላጅ የተዘጋ በር ንቀት ይመስላል፤ አሜሪካ ላደገው ልጅ ደግሞ ሳያንኳኩ መግባት ንቀት ነው። ወረርሽኙ ይህን የቆየ ጸብ አልፈጠረውም፤ በቀን ከሁለት ሰዓት ወደ ሃያ አራት አሳደገው እንጂ። በሩን መክፈት ሳይሆን ጎረምሳውን ከክፍሉ ማውጣት የሠራላቸው ቤቶች ነበሩ፤ ታናሹን አስጠና፣ የአያትህን መድኃኒት ከፋርማሲ አምጣ፣ የዶሮውን ሽንኩርት ክተፍ። ያ ዘዴ ከአገር ቤቱ ታላቅ ወንድም ጋር የሚመሳሰለው በአጋጣሚ አይደለም።

የመሰናዶ ልጆቹን ዕጣ ጎን ለጎን ማየት ልዩነቱን ያሳያል። በሜይ 2020 የአሜሪካ ተማሪዎች ኤፒ የሚባለውን የኮሌጅ ደረጃ ፈተና ከቤታቸው፣ በ45 ደቂቃ ኦንላይን ወሰዱ፤ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎችም የመግቢያ ፈተናውን፣ የኤስኤቲን፣ ውጤት መጠየቅ አቆሙ። የኢትዮጵያው የ12ኛ ክፍል ተማሪ የ2012ን ፈተና በታብሌት ይፈተናል ተብሎ ሲጠብቅ ከረመና በየካቲት መጨረሻ 2013 በወረቀት ተፈተነ። አንዱ ፈተናው አጠረበት፣ ሌላው ከፈተናው በፊት አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው መጠበቅ ወደቀበት።

ዲያስፖራው ያገኘው ነገርም አለ፦ አማርኛ። ቀኑን ሙሉ በእንግሊዝኛ ይውል የነበረ ልጅ የአባቱን የስልክ ወሬ፣ የእናቱን ጸሎት፣ የማታውን ዜና ሲሰማ ከረመ። የቅዳሜ አማርኛ ክፍሎችና ሰንበት ትምህርት ቤቶች ወደ ዙም ዞሩ። ቅዳሜ ጧት በአራት ሰዓት ሲልቨር ስፕሪንግ ሀ ሁ የሚል ልጅ፣ አዲስ አበባ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ያለች አያቱን በቪዲዮ ማስገባት ቻለ። አያት «ሐመሩ ሐ» እና «ሃሌታው ሀ» ላይ ስታርመው፣ በቤተሰቡ ሁሉ እንግሊዝኛ የማይጠይቅ ብቸኛ አስተማሪ እሷ ነበረች።

ሰው ሁሉ «ሆምስኩሊንግ» ያለው ይህ ነገር በሕግ አነጋገር ሆምስኩሊንግ አልነበረም፤ ትምህርቱንም ነጥቡንም የያዘው ትምህርት ቤቱ ነው። እውነተኛው ቤት ማስተማር፣ ማለትም ወላጅ ልጁን ከትምህርት ቤት አውጥቶ ራሱ ሲያስተምር፣ ከ1993 እ.ኤ.አ. ወዲህ በሁሉም የአሜሪካ ግዛቶች ሕጋዊ ነው። የሕዝብ ቆጠራ ቢሮው ባደረገው ጥናት ለትምህርት የደረሰ ልጅ ካላቸው ቤተሰቦች ይህን ያደረጉት በ2020 ጸደይ 5.4 በመቶ የነበሩ ሲሆን በመከር 11.1 ደርሰዋል፤ በጥቁር ቤተሰቦች ከ3.3 ወደ 16.1 በመቶ ዘለለ። ከሐበሻውም አንዳንዱ ሞክሮታል፤ የሚቀጥልበት ካለ ደንቡን ይወቅ። በሜሪላንድ ከመጀመሩ ቢያንስ 15 ቀን አስቀድሞ ለካውንቲው ማሳወቅ፣ የልጁን ሥራ በፋይል ይዞ በዓመት እስከ ሦስት ጊዜ ማስገምገም ግዴታ ነው። በቨርጂኒያ ማስታወቂያው እስከ ኦገስት 15 ይገባል፣ የልጁን እድገት የሚያሳይ ማስረጃ ደግሞ በተከታዩ ዓመት እስከ ኦገስት 1። ሜሪላንድ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ ማኅበራዊ ትምህርት፣ ሥነ ጥበብ፣ ሙዚቃ፣ ጤናና ሰውነት ማጎልመሻ እንዲሰጡ ታዛለች። አማርኛ ዝርዝሩ ውስጥ የለም፤ ወላጁ ቢጨምረው ግን የሚከለክለው የለም።