የሰሚ ሰሚ

ይስሐቅ፣ ወንድ፣ ዕድሜው 65። ቻርልስ፣ የበኩር ልጁ፣ 40። ኔሊ፣ ሴት ልጁ፣ 38።

ዝርዝሩ እንዲህ እያለ ይወርዳል። የማያውቅ ሰው ቢያየው የአንድ ደብር የምእመናን መዝገብ ይመስለዋል። በእርግጥም ምእመናን ነበሩ፤ ካህናቱ ራሳቸው ያጠመቋቸው፣ ያቆረቧቸው ካቶሊኮች። ሰነዱ ግን የሽያጭ ውል ነው። በ1838 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የሜሪላንድ ኢየሱሳውያን አለቃ የነበሩት አባ ቶማስ ሙሌዲ 272 ሰዎችን ለሁለት የሉዊዚያና ባለእርሻዎች በ115 ሺህ ዶላር ለመሸጥ ተዋዋሉ። ከገዢዎቹ አንዱ የግዛቲቱ የቀድሞ አገረ ገዢ ሄንሪ ጆንሰን ነው። ለአንድ ነፍስ 422 ዶላር ከሳንቲም ይደርሳል። ማካፈሉ የእኔ ነው፤ እነሱ የተስማሙት በጅምላ ነው። ከተሸጡት መካከል የሁለት ወር ሕፃን አለች።

ኢየሱሳውያንን እኛም እናውቃቸዋለን። የአጼ ሱስንዮስን ዘመን ያነበበ ሰው ጴጥሮስ ጳኤዝንም አልፎንሶ ሜንዴዝንም አይረሳም። አጼ ፋሲል ከአገር ባስወጧቸው በእነዚያው ዓመታት፣ በ1634፣ የማኅበሩ ወንድሞች ከእንግሊዝ ሰፋሪዎች ጋር ሜሪላንድ ወረዱ። እኛ ዘንድ ያጡትን መሬት እዚያ አገኙት። ትምባሆ ተከሉ፣ የሚያለማላቸውንም ሰው በባርነት ያዙ። በ1789 ጆርጅታውን ኮሌጅ ሲመሠረት ከተደገፈባቸው ነገሮች አንዱ ይኸው እርሻ ነበር። ዛሬ ዋሽንግተንና ዙሪያዋን ያጥለቀለቀው አበሻ በዚሁ መሬት ላይ ሲመላለስ ይውላል። ኋይት ማርሽ የተባለው የካህናቱ እርሻ ዛሬ ቦዊ በምትባለው የሜሪላንድ ከተማ ውስጥ ነበር፤ የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲን በር ደግሞ ዋሽንግተን ላይ ታክሲ የነዳ ሐበሻ ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ ያገኘዋል።

የማኅበሩ ጠቅላይ አለቃ ከሮም ሽያጩን የፈቀዱት በቅድመ ሁኔታ ነበር፦ ቤተሰብ እንዳይነጣጠል፣ ሰዎቹ በሄዱበት ሃይማኖታቸውን የሚፈጽሙበት እንዲመቻች፣ ገንዘቡ ለዕዳ እንዳይውል። ሦስቱም ተጣሱ። ከመጀመሪያው 25 ሺህ ዶላር ቀብድ 17 ሺህ ያህሉ የኮሌጁን ዕዳ ከፈለ። የመጫኑ ወሬ ቀድሞ የደረሳቸው ጥቂቶች ጫካ ገቡ፤ አብዛኞቹ በመርከብ ተጭነው ወደ ሸንኮራ አገዳውና ወደ ጥጡ ወረዱ። አባ ሙሌዲ ሮም ተጠርተው ለጥቂት ዓመታት ከቆዩ በኋላ ተመለሱና ማሳቹሴትስ ውስጥ የሌላ አዲስ ኮሌጅ አለቃ ሆኑ። በጆርጅታውን ግቢም አንድ ሕንፃ በስማቸው ተጠራ።

በ2015 ተማሪዎች የሕንፃው ስም ይነሣ ብለው በተቃውሞ ሲቀመጡ፣ አንድ የቀድሞ ተማሪ ነገሩን ሰማና ቀላል ጥያቄ ጠየቀ፦ እነዚያ ሰዎች መጨረሻቸው ምን ሆነ? የተሰጠው መልስም ቀላል ነበር። ሉዊዚያና እንደደረሱ በረግረጉ ትኩሳት አልቀዋል፣ ዘርም አልተረፋቸውም። ማን አየ? ማን ቀበረ? መልስ የለም። እዚያው በማኅበሩ ሰነዶች ውስጥ ግን በ1848፣ ከሽያጩ አሥር ዓመት በኋላ፣ ጄምስ ቫን ደ ቬልደ የተባሉ ካህን ለራሳቸው ለአባ ሙሌዲ የጻፉት ደብዳቤ ነበር። ሰዎቹን በዓይናቸው አይተው፣ የሚያስቀድሱበት ቤተ ክርስቲያን በቅርብ እንደሌላቸው ገልጸው፣ ማሠሪያ ገንዘብ እንዲላክ ይለምናሉ። ለሞተ ሰው ቤተ ክርስቲያን አይሠራም።

የትኩሳቱ ነገር የሰሚ ሰሚ ወሬ ነበር። የሰሚ ሰሚ ደግሞ በዚህ ታሪክ ውስጥ የቆየ ዶሴ አለው።

ኩዊን የሚባል ቤተሰብ ነበር። ቅድመ አያታቸው ሜሪ ኩዊን ነፃ ሴት ሆና ሳለ በባርነት እንደተያዘች ልጅ ከእናቱ ሲሰማ ኖረ። በሜሪላንድ ሕግ ልጅ የእናቱን ዕጣ ይወርስ ነበርና፣ እሷ ነፃ ከነበረች በእናት በኩል የሚወለዱት ሁሉ ነፃ ናቸው። ኤድዋርድ ኩዊን የተባለው ዘሯ ኋይት ማርሽን ያስተዳድሩ የነበሩትን አባ ጆን አሽተንን ፍርድ ቤት አቆማቸው፤ በ1794ም ረታቸው። የምስክሮቹ ቃል ከሟች ሽማግሌዎች የሰሙትን የያዘ ነበር። ማሆኒ የሚባሉ ቤተሰቦችም አን ጆይስ ስለተባለች፣ የአገልግሎት ውሏ ተቃጥሎባት በባርነት ስለቀረች አያታቸው ሲተርኩ ኖረው በዚያው ዘመን እኚሁኑ ካህን ከሰሱ።

የርስት ሙግት ወግ ለሰማ አበሻ ይህ እንግዳ አይሆንበትም። እስከ አቅኚው አባት ድረስ ቆጥሮ ያልደረሰ ሰው መሬት አያገኝም ነበር፤ የሚቆጥረውም ከወረቀት አልነበረም። ሙግቱ በቃል ተወርሶ፣ በቃል ተነግሮ፣ በቃል ይረታ ነበር።

የኩዊኖቹ በር ግን ተዘጋ። የዚያው ቤተሰብ ልጅ ሚማ ኩዊን ዋሽንግተን ላይ ለራሷና ለልጇ ነፃነት ከስሳ ነገሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ጠበቃዋ ፍራንሲስ ስኮት ኪ ነበር፤ ከፍርዱ በኋላ በዓመቱ የአሜሪካን መዝሙር ግጥም የጻፈው፣ ራሱም ባሪያ አሳዳሪ። በ1813 ዋና ዳኛው ጆን ማርሻል የሰሚ ሰሚ ማስረጃ አይሆንም ብለው ፈረዱባት፤ እንዲህ ያለው ምስክርነት ከተፈቀደ የማንም ንብረት ዋስትና የለውም አሉ። ሜሪላንዳዊው ዳኛ ዱቫል ብቻ ተለዩ። እሳቸው ቀድሞ በጥብቅና ዘመናቸው የእነዚህን ቤተሰቦች ጉዳይ ይዘው ስለነበር፣ እንደዚህ ያለ ሰው ከአያቱ ቃል ሌላ ምን ማስረጃ ሊያመጣ እንደሚችል ያውቁ ነበር። እኔን የሚከነክነኝ ሚዛኑ ነው። ሚማ የቆጠረችው ትውልድ ወሬ ተባለ፤ 272 ሰው በትኩሳት አለቀ የሚለው ወሬ ግን ማንም ምስክር ሳይጠራበት እንደ ታሪክ ተነገረ።

የሚገርመው፣ መልሱን የያዘች ሰው ቀድሞውኑ ነበረች። አንዲት የዘር ሐረግ አጥኚ ቤተሰቧ በኢየሱሳውያን እንደተሸጠ ከ2004 ጀምሮ ታውቅ ነበር። የጠየቃት የለም እንጂ። የቀድሞው ተማሪ ከእሷና ከሌሎች አጥኚዎች ጋር ሲገናኝ በሺህ የሚቆጠሩ የልጅ ልጆች ብቅ አሉ። ውሉ፣ የመርከቡ መዝገብ፣ የጥምቀትና የተክሊል መዝገቡ ጠቀማቸው። ካህን ሲሸጥም ሲያጠምቅም ይጽፋል። ወረቀቱ ግን ብቻውን ምንም አይልም ነበር። ኮርኔሊየስ ሆኪንስ የተሸጠው በ13 ዓመቱ ገደማ ነው። ማሪንጉዊን በምትባል የሉዊዚያና ትንሽ ከተማ የካቶሊክ መቃብር ውስጥ በ1902 የሞተ መሆኑን የሚናገር ድንጋይ ቆሞለት ነበር። የዘሩ ልጆች እዚያው ያድጋሉ፣ ስሙንም ለልጅ ያወጣሉ፤ ስሙ ከየት እንደመጣ ነው ያልተነገራቸው። ስለዚህ ዘሮቹ ጠፍተው ተገኙ ሲባል አይጥመኝም። እነሱ ከቦታቸው አልተነቃነቁም።

እኛስ? ባርነትን በአዋጅ የሻርነው በ1942 ነው፤ ሩቅ አይደለም። እስከ ሰባት ቤት ስንቆጥር በዚያው ቤት ውኃ ትቀዳ የነበረችውን ሴት እንዘላታለን። የልጅ ልጇ መቁጠር እንዳይጀምር ደግሞ «ዘርህ ከየት ነው?» የሚል ጥያቄ መንገድ ላይ አስቀምጠንለታል። ስለዚህ በጆርጅታውን ላይ ብዙ መሳለቅ አያምርብንም።

ዩኒቨርሲቲው በ2017 ይቅርታ ጠየቀ፤ የሙሌዲን ሕንፃ በዝርዝሩ መጀመሪያ በሰፈረው በይስሐቅ ሆኪንስ ስም ጠራው። በ2019 ተማሪዎቹ በየመንፈቅ 27 ዶላር ከ20 ሳንቲም ለተወላጆቹ እንክፈል ብለው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ወሰኑ፤ አስተዳደሩ ግን ክፍያውን ትቶ በዓመት 400 ሺህ ዶላር የሚመድብ ፈንድ አቋቋመ። ኢየሱሳውያኑ በ2021 ለአንድ የተወላጆች ፋውንዴሽን 100 ሚሊዮን ዶላር እንሰጣለን አሉ። ከተወላጆቹም ማን ወከለን፣ ማን ስለ እኛ ፈረመ የሚሉ አሉ። አያቶቻቸው በሌሉበት የተፈረመ ውል ላይ ስማቸው የሰፈረ ሰዎች ልጆች ይህን ቢጠይቁ አልፈርድባቸውም።

ዩኒቨርሲቲው ተወላጆቹ ለመግባት ሲያመለክቱ የተመራቂ ልጆች የሚያገኙትን ቅድሚያ እንዲያገኙ ፈቅዷል። በ2017 ከገቡት መካከል ዕድሜያቸው ስድሳን የተሻገረ አንዲት ሴት ነበሩ። ከማሆኒዎችም ከኩዊኖችም ይወለዳሉ። ከአሥራ ስምንት ዓመት ልጆች ጋር ክፍል ገቡ፤ በኋላም በዩኒቨርሲቲው የቴአትር ሥራ ውስጥ ከአያቶቻቸው የወረሱትን ታሪክ ራሳቸው እየተጫወቱ ተረኩት። ሰዉም ተቀምጦ ሰማ፤ «ይህ የሰሚ ሰሚ ነው» ብሎ የተቃወመ ጠበቃ አልነበረም።