ላንድክሩዘሩና የእናቴ ጉልበት

እሑድ ጠዋት ነበር። ደብረ ማርቆስ ያለችው እኅቴ ክርስትና ጠርታን ሁላችንም ለመሄድ ተነሥተናል። እናቴ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ጥላዋን ይዛ ወደ መኪናው መጣች። እጇን በሩ ላይ አሳርፋ ቀና ብላ አየችውና ትንሽ ቆየች። ከዚያ፣ «ዛሬስ እግሬን ይዞኛል፤ እናንተ ሂዱ። እንኳን ደስ ያላችሁ በሉልኝ» ብላ ተመለሰች።

ከአንድ ቀን በፊት በእግሯ ቤተ ክርስቲያን ደርሳ መምጣቷን አውቃለሁ። ቢሆንም እርጅና ነው፣ አንድ ቀን ይሻላል አንድ ቀን ይብሳል ብዬ አለፍኩት። በሌላ ሳምንት ለለቅሶ ስንሄድም ቀረች። ማርቆስ ለዓይኗ ሐኪም ቀጠሮ ሲደርስም፣ «አሁን ተሽሎኛል» አለች። እግሯን የያዛት የመኪናችን ከፍታ መሆኑን ለማወቅ ሁለት ወር ፈጀብኝ።

እኔ ሃያ ሦስት ዓመት በሾፌርነት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። የምንኖረው ሉማሜ ነው። ከደጀን ወደ ማርቆስ የሚሄድ መንገደኛ ሁሉ ሉማሜን በአስፋልቱ ላይ ያልፋታል። አስፋልቱን ይዞ ለሚሄድ ሰው የመኪና ዓይነት ብዙም አያሳስበውም። ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ገጠር ቀበሌዎች የሚገባ ግን ከዋልካ ጋር ይገናኛል። ይኸ ጥቁር አፈር ጤፉንና ስንዴውን ያበቅልልናል፣ እናመሰግነዋለን። በበጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ደግሞ ጫማም ጎማም ይዞ አይለቅም።

ለዚህ መንገድ ብለን፣ እኔ ከቁጠባዬ፣ አዲስ አበባ የሚሠራው ልጄም ከደመወዙ አዋጥተን፣ በጨረታ የወጣ አሮጌ ላንድክሩዘር ገዛን። ከኋላ ሁለት ረጃጅም ወንበሮች ፊት ለፊት የተቀመጡበት፣ ናፍጣ የሚጠጣ፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር ሞተር ያለው ነው። ኮምፒዩተር የሚባል ነገር የለበትም፤ መፍቻ የያዘ ብልህ መካኒክ በየትም ቦታ ይጠግነዋል። ቶዮታ ይህን 70 የሚባለውን የላንድክሩዘር ዘር በፈረንጆች 1984 ገበያ ካወጣው ጀምሮ በአገራችን ገጠር ሕሙም ያልጫነበት፣ ክትባት ያላደረሰበት ቦታ ጥቂት ነው።

ልጄ ግን መልኩን አልወደደውም። በአንድ የዕረፍት ጊዜው ከመርካቶ፣ ከሶማሌ ተራ፣ ዕቃ አስጭኖ መጣ። መኪናውን ከፍ የሚያደርግ ጠንካራ ባሌስትራ፣ ሰፋፊ ጎማ ከሚያብረቀርቅ ቸርኬ ጋር፣ ከጣሪያው ላይ የሚደረደር አራት ፓውዛ፣ ሌላ ሁለት ፓውዛ ያለበት ወፍራም የብረት ባምፐር፣ ፖርቶመጋላና ጥቁር ቀለም።

«መኪና ነው ወይስ ሙሽራ የምታስጌጠው?» አልኩት።

«አባዬ፣ የገጠር መኪና ሁሉ የተጎሳቆለ መሆን አለበት ያለው ማነው?» አለኝ።

መልስ አጣሁ። ነገሩ እውነት ነበረውና። አገራችን መኪና መለወጥ የጀመረችው ዛሬ አይደለም። ቅጥቅጥ የምንለው አውቶቡስ እኮ በጭነት መኪና ሻንሲ ላይ የእኛው ሰዎች ቀጥቅጠውና በይደው የሠሩት ነው። የጭነት መኪና ሾፌሩም ጋቢናውን በዘርፍና በቅዱሳን ሥዕል ያስጌጣል። ደግሞስ ከቤት ርቆ የሚኖር ልጅ በገዛ ገንዘቡ ለቤቱ ሲለፋ እንዴት እምቢ ይባላል? እሺ አልኩ። ሲጨርስ በእርግጥም አምሮ ነበር። የሰፈሩ ልጆች ከበው ፎቶ ተነሡበት።

እያደር ግን ሾፌርነቴ ይነግረኝ ጀመር። የመጀመሪያው የከፍታው ነገር ነው። ባሌስትራ ቢጠነክርና ቢረዝም ከፍ የሚለው የመኪናው አካል ብቻ ነው። ዋልካው ውስጥ በተቆፈረው የጎማ ቦይ መካከል መሬት የሚልሰው ዲፈረንሻል ግን ከአክስሉ ጋር እዚያው ታች ይቀራል። እሱን ከመሬት የሚያርቀው የጎማ ቁመት ነው፤ እሱም በግማሽ፤ ጎማው አሥር ሴንቲ ሜትር ቢረዝም አክስሉ የሚያተርፈው አምስት ነው። ስለዚህ ብዙ ብር የወጣበት ከፍታ ለዓይን እንጂ ለጭቃው ብዙ አልረባም። ይልቁንም ክብደቱን ሽቅብ ሰቅሎት በኩርባ ላይ ያወዛውዘን ጀመር።

ሁለተኛው ጎማው ነው። ፋብሪካው የሰጠው ቀጭን ጎማ ላዩን ጭቃ ቀዶ ጠንካራውን መሬት ይፈልጋል። ሰፊው ጎማ ለአሸዋ ጥሩ ነው፤ በእኛ ዋልካ ግን ጭቃውን እያነሣ በጎማና በፓራፋንጎው መካከል ይጠቀጥቀዋል። በዚያ ላይ ጎማ ሲረዝም የፍጥነት መቁጠሪያው ያሳንሳል፤ 60 እያለ ከዚያ በላይ ትሄዳለህ። የሞተሩ የመያዝ ኃይልም ይቀንሳል። ልጄን ልሸኝ ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ስንወርድ፣ በለመድኩት ማርሽ አልይዝ ብሎኝ ፍሬን ሳበዛ የፍሬኑ ሽታ ጋቢናው ድረስ ገባ። ሁለታችንም ሰማነው፤ ሁለታችንም ዝም አልን።

ነሐሴ ላይ ልጄ ለፍልሰታ መጣ። አንድ ቀን ከምሽቱ አምስት ሰዓት በር ተንኳኳ። የጎረቤታችን ልጅ፣ ተድራ በሄደችበት ቀበሌ፣ ምጥ ጠንቶባታል። የወረዳው አምቡላንስ ሌላ እናት ሊያመጣ ወጥቷል። ዝናቡ ያለማቋረጥ ይወርዳል። ተነሥተን ሄድን።

መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ወርደን ከፓራፋንጎው ሥር ጭቃ በዱላ ፈለፈልን። የጣሪያው አራት ፓውዛ ብርሃኑን በዝናቡና በኮፈኑ ላይ እየረጨ ዓይናችንን አጠፋው። ልጄ እነሱን አጥፍቶ ባምፐሩ ላይ ያሉትን ሁለቱን ብቻ ተወ። ያኔ መንገዱ ወለል አለ። ትንሽ እንደሄድንም ጎርፍ የመንገዱን ግራ ጠርዝ ቦድሶ ወስዶት አየን። በመኪናው በራሱ መብራት፣ በእኔም ዓይን ቢሆን ኖሮ የምናየው ከገባንበት በኋላ ነበር። «ጌጥ» ብዬ የሳቅሁበት መብራት ያን ሌሊት አዳነን፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ግፍ ነው።

ሴትየዋን በቃሬዛ አምጥተው ሲያቆሙ ግን የኋላው በር ወለል ከሰዎቹ ደረት የሚተካከል ሆነ። አራት ጎረምሶች ጭቃ ላይ እየተንሸራተቱ ቃሬዛውን ሽቅብ ሲያነሡት አንደኛው ወገን ዘመመ። ጮኸች። ያን ጩኸት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሉማሜ ጤና ጣቢያ ደርሳ ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች።

በማግስቱ ልጄ መኪናውን ሲያጥብ ዋለ። ማታ አጠገቤ ተቀመጠና፣ «አባዬ፣ እምዬም ከእኛ ጋር መሄድ የተዉት በዚህ ምክንያት ይሆን እንዴ?» አለኝ። እኔ ሁለት ወር አብሬያት ውዬ አድሬ ያላየሁትን እሱ በአንድ ሌሊት አየው።

ገብተን ጠየቅናት። መጀመሪያ ካደች። በኋላ፣ «ልጁ ለፍቶ፣ ደስ ብሎት፣ እኔ አሮጊቷ ከፍ አለብኝ ብዬ ደስታውን ላፍርስ? ሰው እያየኝስ እንደ ጆንያ ተሸክማችሁ ልትጭኑኝ ነው?» አለች። ልጄ አንገቱን ደፋ። እሷም ራሱን እየዳበሰች ቀጠለች።

«አባቴ በቅሎ ነበረቻቸው። ግላሷ በጥልፍ ያጌጠ ነው፤ ገበያተኛው ቆሞ ያየዋል። አባቴ ግን ጧት ጧት መጀመሪያ ጀርባዋን ነበር በመዳፋቸው የሚዳብሱት። ኮርቻው የላጣት በቅሎ ላይ የሚነጠፍ ግላስ የቁስል መሸፈኛ ነው ይሉ ነበር። እኔም ልጅ ሆኜ በእርካቧ ረግጬ ማንም ሳይደግፈኝ እወጣ ነበር። የናንተ በቅሎ ግላሷ መልካም ነው፤ እርካብ ግን የላትም።»

ሳቅን። ከሳቁ በኋላ ግን ሥራ ጀመርን። ልጄ ዱላ ይዞ ሄዶ እናቴ ዘወትር የምትቀመጥበትን መደብ ቁመት ለካ፤ ከዚያ በቤታችን ደጃፍ ሳትቸገር የምትወጣውን ደረጃ ለካ። በዱላው ላይ ሁለት ምልክት አደረገና ወደ በያጁ ይዞት ሄደ። ለመኪናችን ከሶማሌ ተራ ከመጣው ዕቃ ሁሉ የሚበልጠው ያ ዱላ ነው።

ሰፋፊው ጎማና ቸርኬው ተሸጠ፤ ቀጭኑ ጎማ ተመለሰ። የቀድሞው ባሌስትራም ወደ ቦታው ገባ። በኋላው በርና በጋቢናው በኩል በዱላው ልክ መርገጫ ተሠራ። ከኋላ ያለው የሚታጠፍ ነው፤ ካልታጠፈ በጎማ ቦይ ውስጥ ሲሄድ መሬት ይመታል። ከበሩ ዳር መያዣ ብረት ተበየደ፤ በክረምት እንዳያሟልጭ ልጄ ቆዳ ጠቀለለበት። የጣሪያው መብራት ወረደ፤ የባምፐሩ ሁለቱ ቀሩ፤ አስፋልት ላይ ስንወጣ ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይን እንዳያጠፉ እናጠፋቸዋለን። ፖርቶመጋላውም ቀረ፤ ፍራሽና ሳር እንጂ የጤፍ ጆንያ አይወጣበትም። ጥቁሩን ቀለም እኔ ራሴ ይቅር አልኩ፤ ዝገቱን በደንብ አስፍቆ የተቀባ ነበርና።

ልጆቻችሁ መኪና ሊያስውቡ ሲነሡ «ገንዘብ ማባከን ነው» ብላችሁ አትዝጉባቸው፤ እኔ እንደዚያ እየተሳለቅሁ ሳለሁ የሚጠቅመውንም አብሬ ልጥለው ነበር። ዝም ብላችሁም አትልቀቋቸው። መጀመሪያ ፍሬኑን፣ ጎማውንና ባሌስትራውን አብራችሁ እዩ። ሻንሲና አካል የሚነካ ነገር ከሆነ ከመበየዱ በፊት ቦሎ የሚሰጠውን ክፍል ጠይቁ። ከሁሉ በፊት ግን በቤታችሁ ውስጥ ጉልበቱ ከሁሉ የደከመው ማን እንደሆነ አስቡና መኪናውን በእሱ ልክ ለኩ። ጌጡ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ልጄ ወደ ሥራው ከመመለሱ በፊት አንድ ነገር ጨመረ። ከሁለቱ በሮች ወገብ ላይ፣ በቀይና በቢጫ ቀለም፣ እንደ ግላስ ጥልፍ ያለ ቀጭን ሐረግ አስሣለ። እኔ ምንም አላልኩም።

የዓይን ቀጠሮዋን በአዲስ አስያዝን። በዕለቱ እናቴ ጥላዋን ይዛ መጣች። መርገጫውን በጫማዋ ጫፍ ነካ ነካ አድርጋ ሞከረችው። መያዣውን ጨበጠችና አንድ እግሯን፣ ከዚያም ሁለተኛውን አነሣች። ማንም አልደገፋትም። ተቀምጣ ነጠላዋን ካስተካከለች በኋላ በመስኮቱ ወደ በሩ አጎንብሳ ሐረጉን አየችውና፣

«አሁን ግላሱም ያምራል» አለች።