በነጋዴ መቃብር ላይ ስለሚቆም ድንጋይ

ድንጋይ ምስክር ነው። በዳኝነት ቤት ተቀምጠን የባለጉዳይን ቃል በምንጽፍበት ሥራችን፣ የሰው መሬት የሚገፋ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚነቅለው የወሰኑን ድንጋይ መሆኑን ብዙ ጊዜ አይተናል። ድንጋዩ ከተነቀለ በኋላ ነገሩ በሽማግሌ ቃል ላይ ይወድቃል፤ ሽማግሌው ሲሞት ደግሞ እውነቱ አብሮት ይቀበራል። የመቃብርም ድንጋይ እንዲሁ ነው። ስለዚህ ከአገራችን ውጭ መጥቶ በአገራችን ስለ ተቀበረ ነጋዴና በመቃብሩ ላይ ሊጻፍ ስለሚገባው ቃል ጥቂት ለመናገር አሰብን።

ይህን ነገር በገንዳ ውሃ ሆኖ ማሰብ ተገቢ ነው። ከተማችን ከጎንደር ወደ መተማ በሚወርደው መንገድ ላይ ናትና። በዚህ መንገድ ከደጋው ቡናና ሰም፣ ፈረስና በቅሎ ይወርድ ነበር፤ ከሱዳን በኩል ደግሞ ጥጥና ብር ይመጣ ነበር። ይህን ሁሉ በደስታ እንናገራለን። ነገር ግን በዚሁ መንገድ ሰው እንደ ዕቃ ተነድቶ በመተማ ገበያ ይሸጥ እንደ ነበር ስንናገር ድምፃችን ዝቅ ይላል።

አሁን ወደ አንዱ መቃብር እንምጣ። ዋልተር ፕላውደን የሚባል እንግሊዛዊ ገና በ19 ዓመቱ በህንድ አገር በካልካታ ከተማ በአንድ የንግድ ቤት ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። ያን ትቶ ወደ አገሩ ሲመለስ በስዊዝ ጆን ቤልን አገኘና ሁለቱ በ1835 ዓመተ ምሕረት ግድም ወደ ኢትዮጵያ መጡ። በኋላም መንግሥቱ ቆንስል አድርጎ ሾመው፤ በ1842 ዓመተ ምሕረትም ከራስ ዓሊ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተዋዋለ። ራስ ዓሊ ውሉን ሲፈርሙ በዐሥር ዓመት ውስጥ እንኳ አንድ የእንግሊዝ ነጋዴ ይመጣል ብለው አላሰቡም ይባላል። ከዐሥር ዓመት በኋላ ግን በጎንደር የተቆፈረው የራሱ የፕላውደን መቃብር ነበር። በ1852 ዓመተ ምሕረት ወደ ምጽዋ ሊወርድ ሲነሣ፣ በዐፄ ቴዎድሮስ ላይ የሸፈተው የጋረድ ሠራዊት በጎንደር አጠገብ አግኝቶ አቆሰለውና ማረከው። የጎንደር ሰዎች ገንዘብ ከፍለው አስለቀቁት፤ ዳሩ ግን ከቁስሉ የተነሣ በመጋቢት ወር ሞተ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋረድ ላይ ዘመቱ፤ በጦርነቱም ጋረድ ወደቀ፤ ሊቀ መኳስ ዮሐንስ የተባለው ጆን ቤልም በዚያው ሞተ። ንጉሡም ስለ ወዳጆቻቸው ደም ብዙ ምርኮኞችን አስገደሉ። የፕላውደን ስም በመጽሐፍ ተጽፎ ቀርቷል፤ የእነዚያን ምርኮኞች ስም ግን ማን ያውቃል?

እንግዲህ በእንዲህ ያለ ሰው መቃብር ላይ ምን ይጻፍ? አንዳንዱ «ለባዕድ መንግሥት መንገድ ሊጠርግ የመጣ ሰው ነውና ሣር ይብላው» ይላል። ሌላው ደግሞ «ታላቅ ሰው ነበርና በወርቅ ፊደል ይወደስ» ይላል። እኛ ከሁለቱም ጋር አንስማማም። ሣር ያለበሰው መቃብር ምንም አያስተምርም፤ ምስጋና ብቻ የተጻፈበትም ግማሽ ምስክር ነው። በዳኛ ፊት ግማሹን ተናግሮ ግማሹን የሚውጥ ምስክር እውነተኛ አይባልም። ድንጋዩ የሰውየውን ስም፣ ከወዴት እንደ መጣ፣ ለማን ይሠራ እንደ ነበር፣ በማን እጅ እንደ ቆሰለ፣ ማን ገንዘብ ከፍሎ እንዳስለቀቀው፣ ስለ እርሱም ስንት ደም እንደ ፈሰሰ ሊናገር ይገባል።

ይህን ፍርድ በባዕዱ ላይ ስንፈርድ በራሳችንም ቤት ልንፈርደው ግድ ነው። የአያታችን አባት በዚህ በመተማ መንገድ ሲራራ ነጋዴ ነበሩ። ከገበያው ሲመለሱ የቆላው ንዳድ ያዛቸውና በመንገድ ሞቱ፤ ጓዶቻቸው ከአንድ ዛፍ ሥር ቀበሯቸው። ዛፉ ዛሬ የት እንደ ሆነ የሚያውቅ የለም። እናታችን «ሰምና ቡና ይጭኑ ነበር» ይሉናል፤ «ሌላስ?» ብለን ስንጠይቃቸው ወደ ምድጃው ዞረው ዝም ይላሉ። ከጥቂት ጊዜ በፊት ታናሹ ልጃችን ይህንኑ ጥያቄ ለእኛ አቀረበ። እኛም እንደ እናታችን ዝም አላልንም፤ «አናውቅም፤ ነገር ግን በዚያ ዘመን በዚህ መንገድ ሰው ይሸጥ ነበር» ብለን መለስንለት። ልጁ ጥቂት አስቦ «እንግዲያስ የተሸጡት ሰዎች መቃብር የት ነው?» አለን። ለዚህ መልስ አላገኘንለትም።

መተማ ለንጉሥ እንኳ መቃብር አልሰጠችም። ዐፄ ዮሐንስ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓመተ ምሕረት ከደርቡሽ ጋር ሲዋጉ ቆስለው ሞቱ፤ ሥጋቸውም በጠላት እጅ ወድቆ ራሳቸው ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ። ንጉሠ ነገሥት መቃብር ባጡበት ምድር ለእንግዳ ነጋዴ ድንጋይ ማቆም ለብዙ ሰው ይከብደው ይሆናል። ነገር ግን አባታችን አብርሃም በሰው አገር እንግዳ ሳለ ሣራን የቀበረበትን ዋሻ በ400 ሰቅል ብር፣ በአገሩ ሰዎች ፊት በምስክር ገዛ። ለእንግዳ የመቃብር ስፍራ መስጠት የቆየ ደግነት ነው፤ በመቃብሩ ላይ እውነትን መጻፍ ደግሞ የባለ አገሩ ግዴታ ነው።

ስለዚህ የእንግዳ መቃብር በአጠገቡ ያለ ሁሉ፣ ድንጋይ ከማቆሙ በፊት ሽማግሌዎችን ይጠይቅ፤ የሰማውንም ሳያሳምርና ሳያከፋ ይጻፍ። ስም ለሌላቸውም አንድ መስመር ይተውላቸው፦ «በዚህ መንገድ ተሸጠው ያለፉ፣ በዚህ ነገር የሞቱ፣ ስማቸው ያልተጻፈ ሰዎች ነበሩ» የሚል። ቃሉ አጭር ነው፤ ለመጻፍም ብዙ ድንጋይ አይፈጅም። ልጆቻችን ከሚያነቡት ሁሉ ግን ይህ መስመር ይበልጥ ያሳስባቸው ይመስለናል።