ሁለት ዋጋ ያለው ዕቃ እግር ያወጣል

ድሬዳዋ ውስጥ ሳቢያንም ሆነ ሌላ ሠፈር፣ የሸማቾች ማኅበር ሱቅ ደጃፍ ወረፋ ይዞ የሚያውቅ ሰው ይህን ሒሳብ አይስተውም። ስኳሩና ዘይቱ ማኅበሩ ጋ አንድ ዋጋ፣ ከፊራ ገበያ ሌላ ዋጋ ነው። መሀል ያለችው ብር የታሰበችው ለወረፋዋ እናት ነበር። ከእናትየዋ በፊት ግን መጋዘን የሚከፍት አለ፣ ሰነድ የሚፈርም አለ፣ ሚዛን ጋ የሚቆም አለ። "ስኳር አልቋል" በተባለበት ዕለት ማታ በየኪዮስኩ ስኳር በውድ ዋጋ ሲቸረቸር ያላየ የድሬ ልጅ ካለ እጁን ያውጣ።

እኛ እንኳ ለዚህ አስተማሪ አያስፈልገንም። ኮንትሮባንድ ሲወጣና ሲገባ እያየ ያደገ ሰው ሁለት ዋጋ ያለው ዕቃ እግር እንደሚያወጣ ያውቃል። ስለዚህ "ሌባ መርጣችሁ ነው" የሚለው ክርክር አይዋጥልኝም። እሺ፣ ደህና ሰው ይመረጥ። የዋጋው ልዩነት በየወሩ ያባብለዋል፤ ዘመድ ይመጣል፣ አለቃ ይደውላል፣ ነጋዴው ደጅ ይጠናል። ስንቱ ይችላል?

ገበሬውም ጋ ነገሩ ያው ነው። ማዳበሪያ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ ጅቡቲ ይራገፋል፣ ከዚያ ወደ ዩኒየን፣ ከዩኒየን ወደ መሠረታዊ ማኅበር፣ ከማኅበር ወደ ገበሬው። ከደረሰለት ማለቴ ነው። በ2015 ክረምት መግቢያ የአማራ ክልል ገበሬዎች ማሳቸውን ጥለው ባሕር ዳር ድረስ መጥተው ጮኸዋል። ግዢው ዘግይቶ ነበር፣ እጥረቱም እውነት ነበር። ቢሆንም ማዳበሪያ ጨርሶ አልጠፋም፤ በድብቁ ገበያ በእጥፍና ከዚያ በላይ ይሸጥ ነበር። የጠፋው የማኅበሩ ዋጋ ነው። የእርዳታ እህሉም ያው ነው፤ በዚያው ዓመት ሰኔ አሜሪካና የዓለም ምግብ ፕሮግራም የእርዳታ እህል ለታለመለት ሰው አልደረሰም ብለው በመላው አገሪቱ ሥርጭት አቆሙ። ለወራት የተራበው እህሉን የሸጠው አልነበረም።

እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነገር ነው። ሲወሰድብን ለምን አይቆጨንም? እናማርራለን፣ ቡና ላይ እናማለን፣ ግን "ገንዘቤ ተሰረቀ" ብሎ መዝገብ ይከፈት የሚል አባል ስንት ነው?

የማኅበሩን ንብረት የራስ አለማለት ትናንት አልመጣም። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ቢያንስ በ800 ሄክታር አንድ የገበሬ ማኅበር ይቋቋም ሲል ገበሬው መሬት አገኘ፣ ደስ አለው። ቀጥሎ መልባ፣ ወልባ፣ ወላንድ የሚባሉ የአምራቾች ማኅበር ደረጃዎች መጡ፤ በሬህን አምጣ፣ አብረህ እረስ። የኮታውን እህል ለመንግሥት በተቆረጠ ዋጋ አስረክብ። በ1982 ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ እነዚያ የአምራቾች ማኅበራት በሳምንታት ውስጥ ፈረሱ፣ አባላቱም በሬና መሬቱን ተከፋፈሉት። በየቦታው የአገልግሎት ማኅበራት ሱቅና መጋዘንም ተዘረፈ፤ ከዘራፊው መሀል አባሉ ራሱ ነበረበት። ሰው የራሱን ንብረት እንዲህ አይዘርፍም። የመንግሥት ነው ብሎ ያምን ነበር፣ አልተሳሳተምም።

የ1991ዱ የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ነገሩን ለመለወጥ ሞክሯል። አንድ አባል ዕጣው ቢበዛም ድምፁ አንድ ይሁን፣ ሒሳብም ይመርመር አለ። ወረቀቱ ደህና ነበር። ሆኖም አሠራሩ ያንኑ መንገድ ይዞ ቀጠለ፤ ስኳሩም፣ ማዳበሪያውም፣ ብድሩም ከላይ ይመጣል። በ2009 የ10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ሲለቀቅ "ተደራጁ" ተባለ። ብዙዎች ከብት ለማድለብ ሳይሆን ብድሩን ለመውሰድ ተደራጁ። የማይተዋወቁ ልጆች ማኅተም አስቀረጹ፣ ሥራ አስፈጻሚ መረጡ፣ ብሩ ሲገባ ተበታተኑ። የመንግሥት ብር ነዋ!

ሁሉም እንደዚያ አይደለም። የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ዩኒየን በ1991 ሲመሠረት ከተጣራ ትርፉ 70 በመቶውን ለአባል ማኅበራት ሊመልስ ነው የተነሳው። ቡናውን አንዴ ሸጦ ሁለተኛ ክፍያ የሚጠብቅ ገበሬ ሳይወድ ሒሳብ ጠያቂ ይሆናል፤ "ዘንድሮ ለምን አነሰ?" ይላል። ብዙው የሸማቾች ማኅበር አባል ግን የትርፍ ክፍፍል አይጠብቅም። የአባልነት ደብተሩም ለስኳር ካልሆነ ከሳጥን አይወጣም።

እዚሁ አጠገባችን አወዳይን ተመልከቱ። ጫት በዱቤ፣ በቃል ብቻ እጅ ይለዋወጣል። ጫት ነጋዴ ከሸማቾች ማኅበር ሰብሳቢ የተሻለ ቅዱስ ስለሆነ አይደለም (አቦ ተዉኝ!)። ጫት አያድርም፣ ዋጋው የዕለቱ ገበያ ነው፤ ትናንት ያታለለ ሰው ዛሬ አንድ እስር ጫት የሚሰጠው የለም። በድጎማና በገበያ መሀል የሚሸሸግ ልዩነት የለም።

ድጎማው ይቅር አልልም፤ ሳቢያን ውስጥ በዚያች ዘይት ወር የሚደርሱ ቤቶች አሉ። ግን የገባው ኩንታል፣ የወጣው ኩንታልና የተሰጠው ሰው ብዛት ስኳሩ በገባበት ዕለት በሱቁ በር ላይ ይለጠፍ። ጉባኤ ላይም የኦዲት ሪፖርቱ ሰው ለምሳ ሲነሳ መነበቡ ይቅርና በመጀመሪያው አጀንዳ ይነበብ። ዘንድሮ በየማኅበራችሁ ይህን ጠይቁ፤ ማን እንደሚቆጣ ደግሞ ኮሜንት ላይ ንገሩኝ።