ቁስሉ ሲደርቅ መድኃኒቱም ይቀራል

ሪዮ ዴ ጄኔሮ ሲባል ለብዙ ሰው ትዝ የሚለው ካርኒቫሉና ኳሱ ነው። የከተማዋን ዳር ሰፈሮች ግን እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሌላ ጉዳይ ሲያስጨንቃቸው ኖሯል፤ ከድመት ወደ ሰው የሚተላለፍ የፈንገስ በሽታ። ስሙ ስፖሮትሪኮሲስ ይባላል።

ቀድሞ ይህ የአትክልተኞች በሽታ ነበር። እሾህ የወጋውን ሰው ነበር የሚይዘው። ብራዚል ውስጥ የተዛመተው ዝርያ ግን እሾህ አይጠብቅም፤ የድመት ጥፍር ይበቃዋል። የታመመች ድመት ቁስል በፈንገስ የተሞላ ስለሆነ ስትቧጭርም ስትነክስም ታስተላልፋለች። በብዛት የሚያዙትም ቤት የሚውሉ፣ ድመቷን የሚያበሉና የሚያስታምሙ ሴቶች ናቸው።

መድኃኒት አለው፤ ኢትራኮናዞል። ታዲያ ለምን ይቋረጣል? የተለመደው መልስ "ባለቤቶቹ ግድ የላቸውም" የሚል ነው። ቀላል መልስ ነው፤ ለሚናገረውም ምንም አያስከፍለውም።

እስቲ አንዲት ሴት በጠዋት ወጥ ቤቷ ውስጥ አስቡ። ካፕሱሉን ከፍታ ዱቄቱን ከምግብ ጋር ትለውሳለች። ድመቷ አሽትታ ትሄዳለች። በግድ ላጉርሳት ካለች ደግሞ የምትቧጭራት ያቺው በሽታው ያለባት ድመት ናት። ይህ በየቀኑ ነው፤ ለወራት። በዚያ ላይ ድመቷ ለብቻዋ ተዘግቶባት መቆየት አለባት። ጣሪያ ለጣሪያ መዞር የለመደችን ድመት፣ ልጆች በሞሉበት ጠባብ ቤት፣ የት ይዘጉባታል? አንዳንድ የመንግሥት ተቋማት በነፃ ያክማሉ፤ ግን ድመት ይዞ አውቶቡስ መሳፈርና የቀን ሥራ ማስቀረት በነፃ አይደለም። ሴትዮዋ ራሷ ከታመመች ደግሞ የምትውጠው ያንኑ ኢትራኮናዞል ነው። ድመቷና እመቤቷ አንድ መድኃኒት ይጋራሉ ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ችላ የቆየችም ቢሆን አንድ ቀን ትሸነፋለች። የምትሸነፈው ድመቷ የተሻላት ዕለት ነው። ቁስሉ ይደርቃል፣ ፀጉሯ ይመለሳል፣ መብላት ትጀምራለች። ሐኪሞች ቁስሉ ከጠፋ በኋላም ቢያንስ አንድ ወር ይቀጥል ይላሉ። ለዓይን ግን በሽታ የለም፤ ትግሉና ወጪው ብቻ ነው የቀረው። ጤነኛ የምትመስልን ድመት በየጠዋቱ አንቆ መድኃኒት የሚያጎርስ ስንት ሰው አለ? ፈንገሱ ግን ገና አልወጣም፤ ብዙ ጊዜም በአፍንጫዋ በኩል ይመለሳል።

ሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው ይከፋል። ገንዘቡም ትዕግሥቱም አልቋል፤ ጎረቤት ፈርቷል። አንዳንዱ ድመቷን ሌላ ሰፈር ወስዶ ይጥላታል፤ በሽታውም አብሯት ይሄዳል። የሞተችውን ግቢው ውስጥ የሚቀብርም አለ፤ ፈንገሱ አፈር ውስጥም መኖር ይችላል። እንግሊዝ እንኳ ከብራዚል ከመጣች ዓመታት ያለፏት አንዲት ድመት ባለቤቷን፣ የባለቤቷን ልጅና ሐኪሟን አስይዛለች።

ባለቤቶችን መውቀስ ደግሞ ነገሩን ያብሰዋል፤ የተወቀሰ ሰው ሁለተኛ ወደ ክሊኒክ አይመጣም። ከወቀሳ ይልቅ ገና በመጀመሪያው ቀን "የዳነች የምትመስልበት ቀን ይመጣል፤ ያን ቀን እንዳታቆሚ" ቢባል ይሻላል። በሁለተኛው ወር ስልክ መደወልም፣ ወንድ ድመቶችን በነፃ ማኮላሸትም ይጠቅማል፤ የተኮላሸ ድመት ሌሊት ወጥቶ የሚጣላው ይቀንሳል። ለእነዚህ የሚወጣው ገንዘብ ግማሹ ካፕሱል መሳቢያ ውስጥ ቀርቶ ሕክምናውን እንደገና ከመጀመር አይበልጥም።